የውሃ አባቱ ቅጣት

ዳኛ መሆኔን የሰማ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «ሰው ስታስሪ ምን ይሰማሻል?» ብርድ ይሰማኛል እላለሁ። እውነቴን ነው። የምሠራበት ችሎት መስኮቱ አይገጥምም፤ ንፋሱ ከገደሉ አፋፍ ተነስቶ በቀጥታ ወደ እኔ ወንበር ነው የሚመጣው። ከጥቁሩ ካባ ሥር ሁለት ሹራብ እደርባለሁ፣ ከጠረጴዛው ሥር ደግሞ እግሬን በብርድ ልብስ እጠቀልላለሁ። ባለጉዳይ የሚያየው ከወገብ በላይ ያለኝን ግርማ ሞገስ ብቻ ነው።

ቤቴ ደብረ ብርሃን ነው፤ የምፈርድበት ወረዳ ግን ወደ አንኮበር መስመር ነው፣ ስሙን ተዉኝ። ሰኞ በጠዋት በሚኒባስ እሄዳለሁ፣ ዓርብ እመለሳለሁ። ሚኒባስ ውስጥ ደግሞ ሕግ የማያውቅ ሰው የለም። አንድ ጊዜ ከጎኔ የተቀመጡ ሴትዮ ማን እንደሆንኩ ሳያውቁ፣ «አዲሷ ዳኛ ልጅ እግር ናት አሉ፤ እንኳን ሰው ጥጃም አታስር» ብለው አጫወቱኝ። ጥጃ ማሰርስ አውቃለሁ፤ ደነባ ያደግሁ የገበሬ ልጅ ነኝ። ግን ምን ልበላቸው? «እግዜር ይርዳት» አልኳቸው።

ሰው ልብ የማይለው ነገር፣ የወንጀል ፍርድ ሁለት ሥራ መሆኑን ነው። መጀመሪያ «አድርጓል ወይስ አላደረገም?» ይባላል። እሱ ምስክር አለው፣ ማስረጃ አለው፤ ቢያስቸግርም መያዣ አያጣም። ሁለተኛው «ስንት ይገባዋል?» ነው፤ ጉዱ ያለው እዚያ ላይ ነው። ለዚህ መመሪያ ተሠርቶልናል። ቅጣቱን ከፍ የሚያደርገው ነገር ማክበጃ ይባላል፣ ዝቅ የሚያደርገው ማቅለያ። አንዱን መደመር፣ ሌላውን መቀነስ ነው፤ በመጨረሻ የአንድ ሰው ወራት ወረቀቱ ላይ ወጥተው ቁጭ ይላሉ። እኔ ደግሞ ሕግ የተማርኩት ከሒሳብ ለመሸሽ ነበር። አይ ዕድሌ!

ከማቅለያዎቹ ሁሉ የተለመደው የቀድሞ መልካም ጠባይ ነው። ዐቃቤ ሕጉ ብድግ ብሎ «ሪከርድ አላገኘንም» ካለ አለቀ። «ተከሳሽ ከዚህ ቀደም የጥፋት ሪከርድ የሌለባቸው በመሆኑ» ብዬ እጽፋለሁ። ስንቴ እንደጻፍኩት እኔም አላውቅ፤ እጄ ብቻውን ነው የሚጽፈው። ሰውየው ከልቡ ደግ ይሁን ወይስ ሳይያዝ የኖረ፣ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

አንድ በጋ ከወደ አልዩ አምባ ቆላ አንድ ሽማግሌ ተከሰው ቀረቡ። ነጭ ቆብ አድርገዋል፣ ሽርጣቸውን ጠበቅ አድርገው አገልድመዋል፣ ጢማቸውን ሂና ነክቶታል። የዚያ ቆላ ሰው ደጋ ሲወጣ ይንቀጠቀጣል፤ እሳቸው ግን ከእኔ ይልቅ ብርዱን ንቀውት ቆመዋል። በአገራቸው የውሃ አባት ናቸው። የውሃ አባት ማለት ከወንዝ የተጠለፈውን የመስኖ ውሃ ለየማሳው በተራ የሚያካፍል ሰው ነው። ቦዩ አንድ ነው፣ ማሳው ብዙ ነው፣ የሁሉም ሽንኩርት ይጠማል። እሳቸው «ክፈት» ሲሉ ይከፈታል፣ «ዝጋ» ሲሉ ይዘጋል። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ሲያዙ ኖረዋል። ሰዓታቸው ጥላ ነው። ቀጥ ብለው ቆመው የገዛ ጥላቸውን በእግራቸው ይለኩታል፤ ጥላው ይህን ያህል እግር ሲሞላ የአንዱ ተራ አልቆ የሌላው ይጀምራል።

ያ የተከሰሱበት ቀን ደመናማ ነበር። ፀሐይ ከሌለ ጥላ የለም፤ ስለዚህ በግምት ያዝዛሉ። ዕድሜው ሠላሳ ገደማ የሆነ አንድ ጎረቤታቸው ስልኩን አውጥቶ አየና «አባባ፣ ሰዓቱ ደርሷል፤ ተራው የእኔ ነው» አላቸው። «ውሃ በስልክ አይካፈልም» አሉት። እሱም አካፋውን አንስቶ ቦዩን ወደ ማሳው ከፈተው። እሳቸውም በትራቸውን አንስተው ክንዱን አሉት። ክንዱ ተሰበረ።

በአካባቢያቸው ሽማግሎች ገብተው አስታርቀዋቸዋል። ክንዱ እስኪጠገን ድረስ የጎረቤታቸውን ማሳ የሚያጠጡለት እሳቸው ራሳቸው ነበሩ። ነገር ግን አጥንት የሰበረ ሰው ክሱ በእርቅ ብቻ አይዘጋም፤ መንግሥትም የራሱን ይጠይቃል። እንዲህ ሆኖ ነው እኔ ፊት የቆሙት።

ክሱን አንብቤ «ድርጊቱን ፈጽመዋል?» አልኳቸው። ብዙ ሰው አፉ የሚተሳሰረው እዚህ ላይ ነው። አንዱ «ዱላዬ ነው የመታው» ይለኛል፤ ሌላው «እሱ ነው ዱላዬ ሥር የገባው» ይለኛል። እንዲህ ያለውን ስሰማ ሳቄን ለመደበቅ ስል አስላለሁ።

«መትቼዋለሁ ልጄ» አሉ ሽማግሌው።

«‹ክቡር ፍርድ ቤት› ይበሉ!» አላቸው ፖሊሱ።

«መትቼዋለሁ ክቡር ፍርድ ቤት፣ ልጄ። ተራው የሱ ነበር። ደመናው አሳስቶኛል፤ ንዴቱ ግን የራሴ ነው።»

ሰው ክሱን እንዲህ ሳይሸራርፍ ካመነ ምስክር መስማት አያስፈልግም፤ በዚያው ጥፋተኛ ይባላል። እኔም አልኳቸው። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። የቀረው «ስንት ይገባቸዋል?» ብቻ ነበር።

መጀመሪያ የተመታውን ጎረቤት ጠየቅሁት። ክንዱ በጄሶ ታስሮ ከአንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። «ኧረ አይታሰሩብን!» አለኝ። «እኔ እኮ ያኔ ተናድጄ ነው ፖሊስ ዘንድ የሄድኩት። እሳቸው አንድ በጋ ከቦዩ ከራቁ ሌላ ይተካል፤ አንዴ የተተካ የውሃ አባት ደግሞ ወደ ቦታው አይመለስም፣ ልማዳችን ነው። ለእሳቸው ያ ከሞት አንድ ነው።» ይህን ሲል ሽማግሌው ዓይናቸውን ከወለሉ ላይ አላነሱም። ጉዳዩ ያኔ ነው የገባኝ። የእስሩ ወራት ያልፋሉ፤ ውሃው ከሄደ ግን በዚያው ሄደ።

በልቤ ሒሳቡን ጀመርኩ። ጥፋታቸውን አምነዋል፤ አንድ ማቅለያ። ታርቀዋል፣ እየካሱም ነው፤ ሁለት። መልካም ጠባይ ከተጨመረ ሦስት። ሦስት ከሞላ ቅጣቱ ወርዶ በገደብ ሊያልፍ ይችላል። ገደብ ማለት ሰውየው ይቀጣል፣ ነገር ግን በተባለው ጊዜ ውስጥ ሌላ ጥፋት እስካላጠፋ ድረስ ወደ እስር ቤት አይገባም። ሦስተኛው ከጎደለ ግን ያጠራጥራል። ዐቃቤ ሕጉ፣ ከእኔም የባሰ ልጅ እግር ነው፣ ብድግ ብሎ «ሪከርድ አላገኘንም» አለ። ተመስገን አልኩና ጮክ ብዬ እያነበብኩ መጻፍ ጀመርኩ፦ «ተከሳሽ ከዚህ ቀደም የጥፋት ሪከርድ የሌለባቸው…»

«ይቅር በይኝ ልጄ» አሉ ሽማግሌው ጣታቸውን አንስተው። «እሱን አትጻፊው።»

«የቱን?»

«የሌለባቸው ያልሺውን። አለብኝ።»

ዐቃቤ ሕጉ እኔን አየኝ፣ እኔም እሱን አየሁት።

«በጎረምሳነቴ የጎረቤት ፍየል ሰርቄ አራት ወር ታስሬአለሁ» አሉ። «ያን ጊዜ እንኳን አንቺ ልትወለጂ እናትሽም አላገባች። ወላሂ፣ ፍየሏ ደግሞ ምን የመሰለች ከሲታ ነበረች።»

ችሎቱ በሳቅ ፈነዳ። ፖሊሱ ሳይቀር ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔ ግን ሳቅ ከየት ይምጣልኝ!

«አባባ፣ መዝገብ ላይ እኮ የለም» አልኳቸው። ዳኛ ተከሳሽን ስትለማመጥ፣ እስቲ ጉዴን እዩልኝ።

«መዝገቡ ጠፍቶ ይሆናል። እኔ አልጠፋሁም።»

«ይህን ሌላ ሰው ያውቃል?»

«አገር ነው የሚያውቀው! የውሃ አባት ያደረጉኝስ ለዚሁ አይደል? ‹የሰረቀ ሰው የሌባን መንገድ ያውቃል፤ ውሃ ሰርቆ ከሱ የሚያመልጥ የለም› ብለው ነው የሾሙኝ። እዚያ ሁሉም እያወቀብኝ እዚህ መንግሥት ፊት ንጹሕ ነኝ ብዬ ልቁም? በምን ዓይኔ ነው ተመልሼ የማያቸው?»

ለሳምንት ቀጠሮ ሰጥቼ ተነሳሁ። ብስጭቴ ልክ አልነበረውም። ቢሮዬ ገብቼ ካባዬን ወንበሩ ላይ ወረወርኩት። ምናለ ዝም ቢሉ? ማን ጠየቃቸው? ስንቱ እኔ ፊት ቆሞ በማተቡ ምሎ ዓይኑን ሳያሽ እየዋሸ፣ እሳቸው የተሠራላቸውን ድልድይ ራሳቸው ያፈርሱታል! «የለባቸውም» ብዬ ብጽፍ እያወቅሁ መዋሸቴ ነው፤ «አለባቸው» ብዬ ብጽፍ እውነት የተናገረን ሰው በእውነቱ መቅጣቴ ነው። ላም እሳት ወለደች፣ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት፤ እኔም እንደዚያው ሆንኩ።

ዓርብ ደብረ ብርሃን እንደደረስኩ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። ጋሼ የምላቸው ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው፤ ሥራውን ያሠለጠኑኝ እሳቸው ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ ፀሐይ እየሞቁ አገኘኋቸው። በጥሞና ሰሙኝና ከት ብለው ሳቁ።

«በመዝገብ የሌለ በዓለም የለም» አሉኝ። «አሮጌ ቅጣት በሕግም ቢሆን ያረጃል። የስንት ዓመት ፍየል ነው የምትጎትቺው? ጻፊና እለፊ።»

«ጋሼ፣ እሳቸው አለብኝ እያሉ የለብዎትም ልበላቸው?»

«ታዲያ እሰሪያቸዋ!»

«እሱንማ አልችልም።»

«እንግዲያው ዳኝነቱን ተይና ሽንኩርት ነግጂ» አሉኝ። ሻይ አስመጡልኝ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኔ ያን ሁሉ ዘመን ስፈርድ አንድም ሰው ‹አለብኝ› ብሎኝ አያውቅም። ቢለኝ ምን አደርግ እንደነበር አላውቅም» አሉ። ይህን ሲሉኝ እንዴት እንደቀለለኝ! ቢያንስ የማናውቀው ሁለት ሆንን።

ቅዳሜና እሑድን ስጽፍ ስቀድ ዋልኩ። በመጨረሻ እንዲህ አደረግሁት። «ሪከርድ የሌለባቸው» የሚለውን አልጻፍኩም። ተከሳሹ ማንም ሳይጠይቃቸው የቀድሞ ጥፋታቸውን በራሳቸው አንደበት ተናግረዋል፤ ያ ቅጣት ከብዙ ዘመን በፊት ተፈጽሞ ያለቀ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሰው አምኗቸው ኖሯል፤ ጸጸታቸው ከልብ መሆኑንም ይኸው አነጋገራቸው ያስረዳል አልኩ። ሦስተኛውን ማቅለያ ከዚህ አገኘሁት። አልዋሸሁም፣ አላሰርኳቸውም፣ ውሃቸውም በእጃቸው ይቆያል። ሰኞ ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ ለብቻዬ ፈገግ እል ነበር። እንዲህ ያለ ፍርድ በየቀኑ አይጻፍም ብዬ በራሴ ኮራሁ፤ ኩራት ደግሞ አያምርብኝም።

በቀጠሮው ቀን ሽማግሌውና ጎረቤታቸው አብረው ገቡ። ጎረቤትየው በደህናው እጁ አንድ ጥቅል ይዟል፦ ብርድ ልብስ፣ መስገጃ፣ የላስቲክ ማንቆርቆሪያ። ለእስር ተዘጋጅተው መምጣታቸው ነው። ቆይ ብቻ፣ ደስታውን አሁን ታዩታላችሁ አልኩ በልቤ። ፍርዱን ቀስ እያልኩ አነበብኩ። «አንድ ዓመት ቀላል እስራት» ካልኩ በኋላ ትንሽ ቆምኩ። ክፋት ነው፣ አውቃለሁ፤ ማስጨነቅ አማረኝ። ከዚያ «በሁለት ዓመት ገደብ» አልኩ።

«አልሐምዱሊላህ!» ብሎ ጮኸ ጎረቤትየው። ሽማግሌው ግን ዞረው ጥቅሉን አዩት።

«አባባ፣ ገብቶዎታል? አይታሰሩም። ወደ ቤትዎ ነው የሚሄዱት።»

«ገብቶኛል ልጄ።»

«ታዲያ ምነው?»

«ውሃውን አስረክቤአለሁ» አሉ። «ለሱ።» በአገጫቸው ወደ ጎረቤታቸው ጠቆሙኝ።

ጎረቤትየው አንገቱን ደፋ። ሽማግሌው ለእኔም ለችሎቱም ሳይሆን ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስል ቀጠሉ፦ «ቦይ ላይ ሰው የመታ ውሃ አያካፍልም። ይህን ደንብ ሃያ ሁለት ዓመት ሌላው ላይ ስሠራበት የኖርኩት እኔ ነኝ። የእኔ ተራ ሲደርስ ሰው አክብሮኝ ዝም አለ፤ እኔም እንዳላየ አለፍኩት። ያን ዕለት ከዚህ ስመለስ ግን አፈርኩ። የአሮጌዋን ፍየል ነገር ለመንግሥት አውርቼ፣ የትናንቱን በትር ለጎረቤቶቼ ልደብቅ? ጁምዓ ዕለት ሰው በተሰበሰበበት በትሬን ሰጠሁት።»

«እምቢ ብዬ ነበር» አለ ጎረቤትየው ፈጠን ብሎ። «ሰው ሁሉ ‹አንተ ሰዓት አለህ› ብሎ ያዘኝ።»

እኔ ለካ ሳምንቱን ሙሉ ቁጭ ብዬ የደከምኩት የተሰጠ ነገር ለማዳን ኖሯል። ፍርዱን አንብቤ ስጨርስ የተሰማኝ ኩራት ሁሉ ውሃ ሆነ። አፍሬ ወረቀቶቼን አስተካከልኩ፤ የሚስተካከል ወረቀት ግን አልነበረም።

«ልታሰር ነው ብዬ ነበር የመጣሁት» አሉ ሽማግሌው። «ይቺን በጋ እንኳ እዚህ ብቆይ፣ ሌላ ሰው ሲያካፍል አላይም ብዬ።» ቀና ብለው አዩኝ። ያን ጊዜ ችሎት መሆናችንን የረሱት ይመስለኛል። «አሁን ውሃው ሲለቀቅ የት ነው የምቆመው ልጄ?»

ከፊቴ የተከመረው ሕግ ሁሉ ለዚህ ጥያቄ አንድ መስመር እንኳ የለውም። የመለሰላቸው ጎረቤታቸው ነው።

«ከሰው ጋር ነዋ፣ አባባ» አለ። «እንደ ሁላችን ተራ ይጠብቃሉ። የእርስዎ ማክሰኞ ከሰዓት ነው፤ ሲደርስ እጠራዎታለሁ።»

አነጋገሩ ንቀት አልነበረበትም፣ ማባበልም አልነበረበትም። የውሃ አባት አነጋገር ነበር። ሽማግሌውም አወቁት፤ እንደዚያ ሲናገሩ የኖሩት እሳቸው ናቸውና። «ማክሰኞ ከሰዓት» አሉ ቀስ ብለው። ጥቅላቸውን ከእጁ ተቀብለው እሱን አስቀድመው ወጡ።

ማክሰኞ ከሰዓት ችሎት ላይ ነበርኩ። የአንዱን ምስክር ቃል ሦስት ጊዜ አስደገምኩት። ዐቃቤ ሕጉ አሞኛል ብሎ ገምቶ ኖሮ በእረፍት ሰዓት ትኩስ ሻይ ይዞልኝ መጣ። ልቤ ግን ቆላ ወርዶ፣ ቦይ ዳር ተራቸውን ከሚጠብቁት ሰዎች መካከል ቆሞ ነበር።